ሉዶ፣ ገበጣ ወይስ የፊደል ካርድ? ለትንንሽ ልጆች ቁጥርና ንባብ የቤት ጨዋታ ስትመርጡ

ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ ማታ ከእራት በኋላ ሉዶ ዘረጋን። ልጄ ያኔ አራት ዓመት ተኩል ሆኗታል፣ ወንድሟ ስምንት። ዳይሱን ወረወረች፤ አምስት ወጣላት። ነጥቦቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ ከዚያ ጠጠሯን አንስታ የቆመችበትን ቤት ራሱን "አንድ" ብላ ጀመረች። ወንድሟ ትዕግሥቱ አለቀና "እሱ አይቆጠርም!" ብሎ ጠጠሩን ከእጇ ነጥቆ አስኬደላት። ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ እሷ ትወረውራለች፣ እሱ ይቆጥርላታል።

እኔ ደግሞ ለጎረቤቱም ለሥራ ባልደረባውም "ሉዶ ግዙላቸው፣ ለሒሳብ ጥሩ ነው" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። በሚቀጥለው እሁድ ሰዓቴን ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ሆነን ስንጫወት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለልጅቷ ተራ የደረሳት ስምንት ጊዜ ነበር። ከስምንቱ በአምስቱ ስድስት ስላልወጣላት ጠጠሯ ከቤት አልወጣም። ስለዚህ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በሰሌዳው ላይ በእውነት የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታ የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልጁ በራሱ አፍ ስንት ጊዜ ይቆጥራል፣ በራሱ ዓይን ስንት ፊደል ይለያል? ከታች ያሉትን ጨዋታዎች ያነጻጸርኩት በዚህ ነው። ዋጋቸውን ብዙም አላነሳም፤ አብዛኞቹ በካርቶን፣ በቆርኪና በጠጠር የሚሠሩ ናቸው።

ለቁጥር፦ ቀጥታ መንገድ ከሉዶ ይቀድማል

ልጃችሁ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ከሆነ፣ ከሁሉም በፊት የምመክረው ከ1 እስከ 10 የተጻፈበት ቀጥ ያለ የካርቶን መንገድ ነው። አሥር እኩል ቤቶች ከግራ ወደ ቀኝ ታሰምራላችሁ፣ በየቤቱ ቁጥሩን በትልቁ ትጽፋላችሁ፣ በቃ። በዳይስ ፋንታ አንድ ቆርኪ ውሰዱና በአንዱ ፊት 1፣ በሌላው 2 ብላችሁ ወረቀት ለጥፉበት። ቆርኪው ይወረወራል፣ የወጣውን ያህል ይኬዳል፣ አሥር ላይ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል።

ይህን ያህል ቀላል ነገር ምን ያስተምራል የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ አነስተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች እንዲህ ያለውን ጨዋታ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ልጆቹ መቁጠርም፣ ቁጥር ማንበብም፣ ከሁለት ቁጥር የሚበልጠውን መለየትም አሻሻሉ፤ መሻሻሉም ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ አልጠፋም ነበር። ሌሎቹ ልጆች የተጫወቱት ያንኑ ጨዋታ ነው፤ ልዩነቱ ቤቶቹ ላይ በቁጥር ፋንታ ቀለም ብቻ መኖሩ ነበር። እነዚያ ይህን ያህል አልተለወጡም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መንገዱን ክብ አድርገው ሞከሩት፤ ቀጥተኛው በለጠ።

ምክንያቱ እጅ ላይ ያለ ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ስምንት ከሦስት ሲርቅ ይታያል፤ እዚያ ለመድረስ ብዙ እርምጃ፣ ብዙ ጊዜ፣ ብዙ ቃል ይወስዳል። ልጁ "ስምንት ይበልጣል" የሚለውን በጡንቻውም በጆሮውም ይይዘዋል።

አንድ ደንብ ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ልጁ ሦስት ላይ ቆሞ ሁለት ቢወጣለት "አንድ፣ ሁለት" አይበል፤ "አራት፣ አምስት" ይበል፣ ማለትም የረገጠውን ቤት ስም እየጠራ ይሂድ። "አንድ፣ ሁለት" ካለ ቤቶቹ ላይ የተጻፈውን አያየውም፣ ቁጥሮቹም እንደ ጌጥ ይቀራሉ። የኋላ ኋላ የወጡ ጥናቶችም ያሳዩት ይህንኑ ነው። እኛ ቤት በአንድ ዙር ልጅቷ ከአንድ እስከ አሥር ያሉትን ሁሉ በአፏ ትጠራለች፤ በአሥር ደቂቃ ሦስት አራት ዙር እንጨርሳለን። ከሉዶው ሦስት ጊዜ ጋር አስተያዩት።

ሉዶን ግን አትጣሉት። ስድስት ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ካስተካከላችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ ይሆናል። ስድስት ካልወጣ መውጣት አይቻልም የሚለውን ደንብ ተዉት፣ ሁሉም ጠጠር ከመጀመሪያው ይውጣ። ሁለተኛ፣ በሁለት ዳይስ ተጫወቱና ልጁ ደምሮ ይሂድ፤ ወይም አንዱን ዳይስ በአንድ ጠጠር፣ ሌላውን በሌላ ጠጠር ማስኬድ የሚሻልበትን ይምረጥ። እዚያ ጋ እውነተኛ ማሰብ ይጀምራል። የዳይሱን አምስት ነጥብ ሳይቆጥር በዓይኑ ብቻ አይቶ "አምስት" የሚልበትን ቀንም ጠብቁ። እስከ ሦስትና አራት ያለውን አብዛኞቻችን ሳንቆጥር እናውቃለን፤ አምስትና ስድስትን ግን የሚያስለምደን የነጥቦቹ አደራደር ነው።

እባብና መሰላል እኛ በገዛነው ሰሌዳ ጀርባ ላይ አለ። እስከ 100 የተጻፈ ቁጥር ስላለው ከሉዶ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን መንገዱ ይጠማዘዛል። ከአሥር በኋላ አሥራ አንድ ከላዩ ይቀመጥና ጉዞው ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። የአምስት ዓመት ልጅ እዚያ ላይ ሲደነጋገር አይቻለሁ፤ ከ14 ወደ 13 እየሄደ ወደፊት የሄደ ይመስለዋል። እስከ ሃያ ያለችግር ለሚያነብ ልጅ አቆዩት።

ገበጣና ቅልልቦሽ

ገበጣን በተመለከተ ገለልተኛ አይደለሁም፤ እወደዋለሁ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉት ዘመዶቹ ሰፊ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር፤ ደንቡ ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ የትኛው ትክክል ነው ብላችሁ አትጨነቁ፣ አያት ያሳዩአችሁን ተጫወቱ። እኛ የምንጫወተው ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር፣ በጠቅላላው 48 ነው። የተቀረጸ እንጨት ከሌላችሁ የሠላሳ እንቁላል ትሪ አምስት በስድስት ነው፤ ከእሱ ሁለት ረድፍ ብትቆርጡ ገበጣው ደረሰ። ጠጠር ከሌለ ሽምብራ ወይም ባቄላ።

ለትንሹ ልጅ ጥቅሙ አንድ ጠጠር ለአንድ ጉድጓድ እያደረጉ ማዳረሱ ነው። ብዙ ልጆች እስከ ሃያ በአፋቸው ይቆጥራሉ፤ ስድስት ሽምብራ ቁጠሩ ሲባሉ ግን አንዱን ሁለቴ ይነካሉ ወይም ይዘሉታል። ገበጣ ይህን ያርማል፤ ልጁ ከዘለለ ጠጠሩ ይተርፈዋል፣ ስህተቱን ማንም ሳይነግረው ያየዋል። ለትልቁ ደግሞ "ከዚህ ጉድጓድ ብነሳ የመጨረሻው ጠጠር የት ያርፋል?" የሚለው ጥያቄ ራሱ በልብ መደመር ነው። ሲያልቅ ልጁ የራሱን ጠጠር ብቻ ይቁጠርና የእናንተ ሳይቆጠር ስንት እንደሆነ ጠይቁት። "አንተ 29 ካለህ እኔ ስንት አለኝ?" ከዚያ ቆጥሮ ያረጋግጣል። ወረቀት ላይ ከተሰጠው ቅነሳ ይልቅ ይህን ፈልጎ ይሠራዋል።

የገበጣ ጉድለት የተጻፈ ቁጥር የሌለበት መሆኑ ነው። ቆጠራው የሠመረለት፣ ነገር ግን 6ን ከ9 የማይለይ ልጅ ካላችሁ ገበጣ አይረዳችሁም፤ ወደ ካርቶኑ መንገድ ተመለሱ።

ቅልልቦሽ ለጣት ይከብዳል፤ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ወርውሮ መቅለብ ያታግለዋል። ግን በውስጡ ያለውን ሒሳብ ልብ በሉት። አምስት ጠጠር ይዛችሁ አንዷን ወደ ላይ ትወረውራላችሁ፤ መሬት ያሉትን አራቱን መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስትና አንድ፣ ቀጥሎ አራቱን በአንዴ ታነሳላችሁ። አራት በስንት መንገድ ይከፈላል የሚለውን አንደኛ ክፍል መምህር በሥዕል የሚያስተምረው ይሄንኑ ነው። ለትንሹ ልጅ መወርወሩን ተዉለትና ማንሳቱን ብቻ ያድርግ።

ጊዜ ለሌላችሁ፣ ለምሳሌ አምሽታችሁ ለምትገቡ፣ የቁጥር ካርድ አለ። ከ1 እስከ 10 አራት አራት ጊዜ ጻፉ፣ ከቁጥሩ ሥር ያንኑ ያህል ነጥብ አድርጉ፣ አከፋፍሉ፤ ሁለታችሁም አንድ አንድ ትገልጣላችሁ፣ ትልቁ ይበላል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ ሁለት ቁጥር ያወዳድራል። ሱቅ የሚሸጠውን ካርታ ከቁማር ጋር አያይዘው ቤታቸው እንዲገባ የማይፈልጉ ቤተሰቦች አሉ፤ የካርቶኑ ይህ ችግር የለበትም።

ለፊደል፦ ዜማው ካበቃ በኋላ

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ልጄ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ትወርደዋለች። ጣቷም ከዜማው ጋር ይሄዳል፤ የሚያይ ሰው ታነባለች ይላል። አያቷ አንድ ቀን አጠገባቸው አስቀመጧትና ገበታውን በእጃቸው ሸፍነው አንዲት ፊደል ብቻ አስቀሩ።

"እስቲ የኔ እናት፣ ይቺን ንገሪኝ።"

ፊደሏ ቤ ነበረች። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ጣሪያ አንስታ በሹክሹክታ "በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ" አለችና "ቤ! አባባ፣ ቤ!" ብላ ጮኸች።

"ጎበዝ" አሏት። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ይኼ በጆሮ ነው እንጂ በዓይን አይደለም፤ እኛን መምሬ አቡጊዳ ያስቆጠሩን ለዚሁ ነው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳን ይቆጥራል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ የሚሄደው ገበታ ከአንዱ ቤት ግዕዙን፣ ከሌላው ካዕቡን፣ ከሌላው ሣልሱን እየወሰደ ዜማውን ያፈርሰዋል። ልጁ መልኩን ካላወቀ ዜማው አያድነውም። ስለዚህ የፊደል ጨዋታ ስትመርጡ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ጨዋታው ልጁን ከዜማው ያወጣዋል ወይስ እዚያው ያቆየዋል? ቁልፍ ሲጫኑት ሀሁን የሚዘምር መጫወቻ ብዙ ጊዜ እዚያው ያቆየዋል።

የእኔ ምርጫ ጥንድ ፍለጋ ነው። ካርዶች በግልባጫቸው ይደረደራሉ፣ በተራ ሁለት ሁለት ይገለጣሉ፣ የገለጠ ሰው ፊደሉን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ተመሳሳይ ከሆኑ ይወስዳል። 33ቱን ፊደል ከነሰባት መልካቸው ልሥራ ካላችሁ 231 ነው፤ አትሞክሩት። በስምንት ጥንድ ጀምሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ከልጁ ስምና ከቤተሰቡ ስም ውስጥ ይምጡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በየቤቱ መሄድ ነው፦ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ። ሌላው በየመልኩ መሄድ፦ ቡ፣ ሱ፣ ኩ በአንድ ቀን፤ ቤ፣ ሴ፣ ኬ በሌላ ቀን። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን ስለሚሠራው ቤት ውስጥ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ልጅቷ ካዕብ ወደ ቀኝ የምትወጣ ጭረት እንዳላት፣ ኃምስ እግሯ ላይ ቀለበት እንዳላት ራሷ ስትደርስበት ያልተማረቻትን "ዴ" አንብባለች። እንደ ሩ እና ፉ ያሉት ከዚህ ሥርዓት ወጣ ስለሚሉ ለኋላ ይቆዩ። ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ ጋር በአንድ ጨዋታ አታስገቡ፤ ድምፁ ስለማይለያቸው ልጁ ያለጥፋቱ የተሳሳተ ይመስለዋል። ለአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ ጠና ጨ ጥሩ የፍልሚያ ጥንዶች ናቸው፤ ከእናትየዋ ፊደል በተጨማሪ ምልክት የተለየችው ልጇ ማን ናት እያላችሁ።

ካርድ የማይፈልግ ጨዋታ ከፈለጋችሁ የቃል ሰንሰለት አለ፦ አንዱ ቃል ይላል፣ ቀጣዩ በመጨረሻው ፊደል የሚጀምር ቃል ያመጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ከወንድሟ ጋር እንዲህ ሄዱ፦ ብር፣ ርግብ፣ ብርድ፣ ድመት፣ ትል፣ ልጅ፣ ጅብ፣ ከዚያ እንደገና ብር። ሰባት ቃል ዞሮ ገጠመ፤ ሁለቱም ደስ አላቸው። እኔ ያስተዋልኩት ግን ሰንሰለቱ ሁሌ በሳድስ መሄዱን ነው። አብዛኛው የአማርኛ ቃል በሳድስ ስለሚያልቅ ጨዋታው ር፣ ብ፣ ት፣ ል ውስጥ ይመላለሳል፤ ሌሎቹን መልኮች ብዙም አያስነካም። ድምፅ ለመለየት፣ ቃል ለማብዛት ጠቃሚ ነው፤ ፊደል ለማስተማር ከካርዱ ያንሳል። መጽሐፍ ገና ያልነካ የአራት ዓመት ልጅ ግን በጆሮው ብቻ ሊጫወተው ይችላል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንቆቅልሽ ፊደል አያስተምርም። ቋንቋ ያስተምራል። "በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ነጭ ቤት" ስትሉ ልጁ ቃል በቃል የሰማውን ትቶ ነገሩን መፈለግ አለበት፤ በኋላ ያነበበውን እንዲረዳ የሚያደርገው ይህ ችሎታ ነው። እንቁላል ማለት ካቃተው "አገር ስጠኝ" ትላላችሁ፤ ባሕር ዳርንም ጅማንም ይማራል። መብራት የጠፋበት ማታ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላውቅም።

ሁለቱን አንድ ላይ፦ ሱቅ

ቁጥርና ፊደልን አንድ ላይ የሚይዝ አንድ ጨዋታ ምረጥ ብትሉኝ ዕቃ ዕቃ ውስጥ ያለው ሱቅ ነው። ከኩሽና ያለውን አምጡ፤ ስኳር፣ ሻይ፣ ጨው፣ ሳሙና። የዕቃውን ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ልጆቹ ይጻፉ፣ ዋጋ ከ1 እስከ 10 ብር ይለጥፉ። ገዢ ሆናችሁ ስትመጡ ዝርዝር ጽፋችሁ ስጧቸው፤ አንብበው ያውጡ፣ ይደምሩ፣ መልስ ይስጡ። የአንድ ብር ሳንቲሞች ካሏችሁ እውነተኛውን ተጠቀሙ፤ ልጅ እውነተኛ ገንዘብ ሲይዝ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ጉዳቱ ዝግጅቱ ነው፣ ሱቁ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። የቅዳሜ ጨዋታ ነው።

ስለ ስልክ ጨዋታ አጭር ነገር ልበል። አንዳንዶቹ በደንብ የተሠሩ ናቸው፣ አልከለክልም። ግን ብዙዎቹ ልጁ ሲነካቸው ራሳቸው ይቆጥሩለታል፣ ራሳቸው ያነቡለታል። በመለኪያዬ ስለካቸው የልጁ አፍ ዝም ያለበት ጊዜ ይበዛል።

ውጭ አገር ለሚያሳድጉ

እህቴ ልጆቿን የምታሳድገው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጆቿ አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱት በእንግሊዝኛ ነው። ለእነሱ የቃል ሰንሰለት አይሆንም፣ የሚያወጡት ቃል ያጥራቸዋል፤ ተሸንፈው ይተዉታል። የተሻለው የካርቶኑ መንገድ ነው፣ ምክንያቱም አሥር ቃል ብቻ ይበቃቸዋልና። አሥሩን ከያዙ በኋላ መንገዱን እስከ ሃያ ማስረዘም በአማርኛ ይቀላል፦ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት እያለ ቃሉ ራሱ አሥርና አንድ፣ አሥርና ሁለት መሆኑን ይናገራል፤ የእንግሊዝኛዎቹ "ኢለቨን" እና "ትዌልቭ" ግን ይህን አያሳዩም። የፊደል ካርዱን ደግሞ አያትየው በቪዲዮ ጥሪ ይይዙላቸዋል፤ አንድ ካርድ ከፍ ያደርጋሉ፣ ልጆቹ ከፊታቸው ካለው ክምር ጥንዱን ፈልገው ለካሜራው ያሳያሉ።

የትኛውን ልጀምር?

ልጃችሁ ሲቆጥር የሚዘልል ከሆነ ገበጣ፤ ቆጥሮ ቁጥሩን ማንበብ ካቃተው የካርቶን መንገድ፤ ሁለቱንም ከቻለ ግን የቱ እንደሚበልጥ ሲያመነታ የቁጥር ካርድ። ሀሁን ዘምሮ ብቻዋን የቆመች ፊደል ካላወቀ ጥንድ ፍለጋ። እያነበበ የሚያነበው ካልገባው እንቆቅልሽና ተረት። ሁለት ጨዋታ በአንድ ሳምንት አትጀምሩ፤ አንዱን ያዙና ልጁ "እንጫወት" እያለ ራሱ እስኪያመጣው ጠብቁ። ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ሳይሰለቸው አቁሙ።

ታላቅና ታናሽ አብረው ሲጫወቱ የኛ ቤት ደንብ አንድ ነው፦ የሌላውን ጠጠር ማንም አይነካም። ታላቅየው መርዳት ከፈለገ "አሁን የት ነሽ?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ መልሱን አይናገርም። መጀመሪያ ከብዶት ነበር። ባለፈው እሁድ እህቱ ሰባት ላይ ቆማ ቆርኪውን ወረወረች፣ ሁለት ወጣላት። ጠጠሯን በዝግታ እያስኬደች "ስምንት... ዘጠኝ" አለች።

"አንድ ቀረሽ" አላት ወንድሟ፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ።

ቆርኪውን አንስታ ትንሽ አሰበችና "ሁለት ቢወጣልኝስ?" አለችው።